ዝናቡ በካርታዬ፣ ውሃው በአባ ሄሬጋ እጅ

የውሃ ምህንድስና ስማር ዝናብን የማውቀው በቁጥር ነበር፦ የወር ድምር፣ የዓመት አማካይ፣ የመዝነብ ዕድል። በቆላማው አካባቢ የዝናብ መለኪያ ጣቢያዎች ተራርቀው ስለሚገኙ፣ የሳተላይትና የጣቢያ መረጃን አዋህዶ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለውን ዝናብ ጎናቸው አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ካሬዎች ከፋፍሎ የሚያሳየውን ቺርፕስ የተባለ የመረጃ ስብስብ እንጠቀማለን። ሥራውን ዛሬም እወደዋለሁ። ምን እንደሚጎድለው ያሳየኝ ግን ቦረና ነው።

በቦረና በዓመት ሁለት ጊዜ ይዘንባል፤ ዋናው ‹ገና› ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ አጭሩ ‹ሀገያ› ከመስከረም እስከ ኅዳር። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ እ.ኤ.አ. አምስት ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። ላኒና የተባለው የፓስፊክ ውቅያኖስ መቀዝቀዝ ሦስት ዓመት አልለቀቀም። የአየር ትንበያ ባለሙያዎች አስቀድመው አስጠንቅቀው ነበር፤ ከብቱ ግን አለቀ። ትንበያው ትክክል ሆኖ ሳለ ለምን አላዳነም? ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ።

አንድ የቦረና ሽማግሌ ካርታዬን በትዕግሥት ካዩ በኋላ፣ «ልጄ፣ ስንት እንደሚዘንብ ነገርከኝ። አንዱ ዝናብ አባርቶ ሌላው እስኪመጣ ስንት ቀን እንደሚቆይስ?» አሉኝ። መቶ ሚሊ ሜትር በሁለት ቀን ቢወርድ ጎርፍ ሆኖ ይሄዳል፤ በወቅቱ ውስጥ ተበትኖ ቢወርድ ሣር ያበቅላል። በእኔ ሠንጠረዥ ሁለቱም መቶ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ከድምሩ በፊት በዝናብ መካከል ያሉትን ደረቅ ቀናት እቆጥራለሁ።

ትልቁን ትምህርት ያገኘሁት ግን ‹ቱላ› ከሚባሉት የቦረና ጥልቅ ባህላዊ ጉድጓዶች አፋፍ ነው። ወጣቶች ከታች እስከ ላይ መሰላል ላይ ተደርድረው እየዘፈኑ ውሃውን እጅ በእጅ ያቀባብላሉ። ጉድጓዱ ‹አባ ኮንፊ› የሚባል ባለቤት አለው፤ የዕለቱን የማጠጣት ተራ የሚያስከብር ደግሞ ‹አባ ሄሬጋ› አለ። በበጋ ከብት በሦስት ቀን አንዴ ይጠጣል። ይህ ሥርዓት ውሃን ብቻ አይደለም የሚያከፋፍለው፤ ከብት ከጉድጓዱ ምን ያህል እንደሚርቅ ስለሚወስን የትኛው ሣር መቼ እንደሚበላም ይወስናል።

በ1970ዎቹና 80ዎቹ እ.ኤ.አ. በልማት ስም በዝናብ ወቅት ብቻ በሚጋጥ መሬት ላይ ኩሬዎች ተቆፈሩ። ኩሬው ውሃ ያዘ፤ ሰውና ከብትም ዓመቱን ሙሉ እዚያው ከረመ። ለመጥፎ ቀን ይተርፍ የነበረው ግጦሽ ተራቆተ። ስሌቱ የሚጠራቀመውን ውሃ መጠን በትክክል ቢያወጣም፣ ከሣሩ ጋር ያለውን ትስስር አላየም።

ትንበያም እንዲሁ ነው። «መጪው ገና ደካማ ነው» የሚለው መልእክት ተራ የሚያዝዘው፣ መንጋ የሚያስነሳው ሰው ዘንድ በጊዜ ካልደረሰ ወረቀት ነው።

ስለዚህ በቆላው የኩሬና የጉድጓድ ቦታ የምትመርጡ የሙያ አጋሮቼ ሆይ፣ ካርታው ላይ ምልክት ከማኖራችሁ በፊት አባ ሄሬጋውን አማክሩ፤ ትንበያችሁንም መጀመሪያ ለእርሱ አድርሱት።