አለቃን ማን ያርመዋል?

በሎስ አንጀለስ፣ ቫን ናይስ፣ ዛሬ የገበያ ማዕከል በሚገኝበት ስፍራ እስከ 1992 እ.ኤ.አ. የጀኔራል ሞተርስ መኪና መገጣጠሚያ ነበር። ፋብሪካው በ1987 ሠራተኞቹን በቡድን አደራጅቶ የቶዮታን አሠራር ለመከተል ሞከረ። አርአያው ሁለቱ ኩባንያዎች በ1984 በፍሪሞንት፣ ካሊፎርኒያ፣ በሽርክና ያስጀመሩት ኑሚ ነበር። ኑሚ የቡድን መሪዎቹን አስቀድሞ ጃፓን ልኮ ከአቻዎቻቸው ጎን አሠርቷቸዋል። ጉድለት ያየ ሠራተኛ ገመድ ስቦ የማምረቻ መስመሩን ሲያስቆም፣ አለቃው ሊያግዘው እንጂ ሊቆጣው እንደማይመጣ እዚያ ተማሩ። ለቫን ናይስ መዘጋት ብዙ ምክንያት ነበረው፤ ይሁንና አደረጃጀትን መቅዳት የአለቃን ልማድ ከመለወጥ እንደሚቀል ታሪኩ ያሳያል።

ልማዱ ሥር የሚሰድደው በመረጃ እጦት ነው። የበላይ የወሩን ውጤት እንጂ ቁጣውን አያይም። የበታች ቁጣውን ያያል፤ ቢናገር ግን እንጀራውን ሊያጣ ይችላል። አቻ ደግሞ አይፈራም፣ አይሾምም፣ አይሽርም። ድርጊቱን በዓይኑ ባያይም እንኳ ሰበቡን ከራሱ ቤት ስለሚያውቀው በቀላሉ አይታለልም።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በቻይና፣ ናንቻንግ፣ ጂንግ ካይና አዳም ሴይድል ባካሄዱት ጥናት፣ የአነስተኛ ድርጅቶች ሥራ አስኪያጆች አሥር አሥር እየሆኑ ለአንድ ዓመት በየወሩ ተገናኙ፤ ሽያጫቸው ካልተገናኙት አንጻር በ8 በመቶ ገደማ ጨመረ። የተለካው ሽያጭ እንጂ ጠባይ ባይሆንም፣ አቻ አቻውን እንደሚያንጽ ያስረዳል። ይኸው ጥናት ተፎካካሪዎች ጠቃሚ መረጃን እርስ በርስ እንደሚደባበቁም አሳይቷል።

ከ2002 ጀምሮ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ በተሰየመው የፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያሉ ባለ ምግብ ቤቶች ይህን ልብ ሊሉት ይገባል፤ የሁሉም ደንበኛ አንድ ነው። ስለዚህ ማኅበሩ ባለ ምግብ ቤቱን ከባለ ጋራዡ፣ ከፀጉር አስተካካዩና ከሒሳብ ባለሙያው ጋር ቢያሰባጥር ይሻላል። ሥርዓቱን ከዕቁብ መውሰድ ይቻላል። ዕጣው የወጣለት ሰው መክፈሉን የማያቋርጠው ነገም በእነዚያው ሰዎች ፊት ስለሚቆም ነው። «ከእንግዲህ አስተናጋጅ በደንበኛ ፊት አልቆጣም» ብሎ ቃል የገባ ባለቤትም በሚቀጥለው ወር እንዲሁ ይጠየቃል።

አደጋም አለ። የአሠሪዎች ስብስብ ደመወዝ ወደመተማመን ከዞረ መረዳዳቱ ሴራ ይሆናል፤ አዳም ስሚዝ በ1776 ያስጠነቀቀበትን የአሜሪካ ሕግም ይከለክለዋል። ስለዚህ የደመወዝ ጉዳይ ከማኅበሩ መድረክ መራቅ አለበት፤ የማኅበሩ ፍሬም በአባላቱ ምስክርነት መመዘን የለበትም። በዓመቱ መጨረሻ ከሠራተኞቹ ስንቱ ሥራውን ሳይለቅ እንደቀረ መቁጠር ይበቃል።

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የሚለው ተረት ስላቅ ነው። የሁሉም ድስት ባረረበት ቤት ግን አንዱ የሌላውን ቢያማስል ሁሉም ይተርፋል።