የጥር ደብተር

በአገራችን በፈረሱ ስም የተጠራ ሰው ብዙ ነው። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል ይባሉ ነበር። በጅማ ግን ፈረሱ ጌታውን ጨርሶ ዋጠው፤ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙትን ንጉሥ ሕዝብ የሚያውቃቸው በአባ ጂፋርነታቸው ነው፤ መሐመድ የሚለውን ስማቸውን ከታሪክ መጻሕፍት ውጭ የሚያነሣው ጥቂት ነው። ይህን ወግ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በኅዳር 2001 ዓ.ም. ሰባት ሆነን ከጅሬን ኮረብታ፣ ከአባ ጂፋር ቤተ መንግሥት ደጃፍ በብስክሌት ስንነሣ፣ ከመካከላችን አንዱ «የፈረስ ስም ሳይወጣልን አንንቀሳቀስም» ብሎ አስቸገረን። እኔ ገና ከተማውን ሳንለቅ ጎማዬ ሁለት ጊዜ ስለተነፈሰ «አባ ጎሚስታ» ተባልሁ።

ጉዞው ከጅማ አጋሮ ደርሶ መልስ፣ ከዚያም በሰቃና በሸቤ አድርጎ እስከ ቦንጋ ነበር፤ በድምሩ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ዘመድ ወዳጁና የሥራ ባልደረባው የአቅሙን ያህል ቃል ገብቶልናል፤ አንዱ ሃምሳ ሳንቲም፣ አንዱ አምስት ብር። አንዲት የሂሳብ ሠራተኛ ጓደኛችን «ዳገቱን እከፍላለሁ፤ ቁልቁለቱን ግን እግዜር ነው የሚነዳችሁ፤ ለእሱ አልከፍልም» ብላ በቅጹ ኅዳግ ላይ ጽፋ ፈርማበታለች። በሚገኘው ገንዘብ ከጎጀብ ወንዝ ማዶ ላለ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ደብተርና እስክሪብቶ ይገዛል። ዕቅዱ ይኸው ነው።

«ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» ያሉን ነበሩ። እርግጥ ከካይሮ እስከ ኬፕታውን የሚዘልቀው ቱር ደ አፍሪክ እ.ኤ.አ. በ2003 ከተጀመረ ወዲህ ብስክሌተኞቹ አገራችንን ሲያቋርጡ አይተናል፤ ከዚያው ጉዞ ጋር የተቆራኘ ፋውንዴሽንም በመንገዱ ላይ ላሉ ሰዎች ብስክሌት ሲለግስ ኖሯል። ለብስክሌቱ ግን እኛም እንግዳ አይደለንም። ገረመው ደንቦባ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ኦሎምፒክ ከዓለም 24ኛ ሆነው ሲገቡ እኛ ሰባታችንም ገና አልተወለድንም ነበር። እንግዳ የሆነብን ድካምን በኪሎ ሜትር ተምኖ መሸጡ ነው።

የአጋሮን መንገድ በኅዳር ማየት ነው። ሽታው ከከተማው ቀድሞ ይቀበላል፤ የበሰለ ፍሬ፣ የመፍላት ጥግ ላይ የደረሰ፣ ግማሹ ማር ግማሹ ሆምጣጤ። ከየደጁ ጀንፈሉ ተሰጥቷል፤ አንዱ በአልጋ ላይ፣ አንዱ በምንጣፍ፣ አንዱ በባዶ መሬት። ሴቶች እሸት ቡና በጀርባቸው አዝለው ወደ ሰብሳቢው ይጣደፋሉ፤ ያደረ እሸት ዋጋው ይወርዳልና። በዚያን ጊዜ የጅማ ቡና በዓለም ገበያ የሚታወቀው «ጅማ አምስት» በሚባለው፣ በደረቁ በሚዘጋጀውና ርካሽ በሆነው ደረጃ ነበር። እኛ ባለፍን በሁለት ዓመት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ዱሮሚና የተባለ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር እዚያው አጋሮ አጠገብ ተቋቋመ፤ ለቅሞ፣ ፈልፍሎ፣ አጥቦ ማቅረብ ያዘ፤ በ2012 ደግሞ ቡናው ከአፍሪካ ቡናዎች ጋር ተወዳድሮ አንደኛ ወጣ። ዛፉ ያው፣ አፈሩም ያው ነው። የተለወጠው ከለቀማ በኋላ ያለው ሥራ ነበር። ያን ዕለት በዚያ ሽታ ውስጥ ስናልፍ ይህን ማን ገመተ!

በመልሱ ጎማዬ ጎማ ወረዳ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ተነፈሰ። (በዚህ ጨዋታ ጓደኞቼ እስከ ቦንጋ ድረስ አላሳረፉኝም።) ከመንገዱ ዳር ጀንፈል የሚያገላብጡ አንድ ሽማግሌ ሥራቸውን ትተው መጡና ከአጠገቤ ቁጢጥ አሉ።

«መኪና አጥታችሁ ነው፣ ልጄ?»

«አይ አባባ፤ ለተማሪዎች ገንዘብ እየሰበሰብን ነው» አልሁና ነገሩን አስረዳኋቸው።

«እንግዲህ ሰዉ ገንዘቡን የሚሰጠው እናንተ ስለደከማችሁ ነው?»

«አዎ።»

ሳቁ። ከልባቸው ነበር የሳቁት። «እኔ በዚህ መንገድ ቡና ተሸክሜ ስመላለስ አርባ ዓመቴ ነው። ማን ከፈለኝ?»

መልስ አልነበረኝም። ከኋላዬ የነበረው ጓደኛዬ ግን በኦሮምኛ አንድ ቃል ጣል አደረገ፦ «ዋሬጋ ነው፣ አባባ።» ስለት ማለቱ ነው። የሽማግሌው ሳቅ ወዲያው ቆመ። ተነሥተው ወደ ጎጆው ተጣሩ፤ ልጃቸው ቡና ይዛ መጣች። «ስለት ያለበት ሰው ከደጄ ሳይጠጣ አይለፍ» አሉ። ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቁንም።

ቃሉ አብሮኝ ተጓዘ። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል በእግሩ የሚጓዘውን፣ ድንጋይ ተሸክሞ ዳገቱን የሚወጣውን «አውቶቡስ አይሻልህም?» የሚለው የለም። የቆሎ ተማሪንም «ለምን ከአገርህ ርቀህ ትለምናለህ?» አንለውም፤ እግሩ የትምህርቱ አንድ ክፍል ነው። አካል የሚከፍለው ዕዳ እንዳለ ይህ አገር ከጥንት ያውቃል። ልዩነቱ ግን አለ፤ የቁልቢው መንገደኛ የሚከፍለው የገዛ ዕዳውን ነው። እኛ ድካማችንን እናሳያለን፣ ሌላው ይከፍላል፣ ሦስተኛው ይቀበላል። ያ ሦስተኛ ሰው ስለ ነገሩ ምን ይላል? የሽማግሌው ጥያቄ በዋሬጋ ተሸፈነ እንጂ አልተመለሰም ነበር።

ያኔ ከጅማ ወደ ቦንጋ የሚወስደው መንገድ ጠጠር ነበር፤ አስፋልቱ የመጣው ኋላ ነው። ሸቤን አልፈን ወደ ጎጀብ ስንወርድ አየሩ እየከበደ፣ ሙቀቱ ከመሬት እየተነሣ መጣ። ፍሬን ከመያዝ ብዛት እጃችን ደነዘዘ፤ የሂሳብ ሠራተኛዋ ቁልቁለቱን ብታየው ትከፍል ነበር። ጎጀብ የጥንቱ የካፋ መንግሥት ድንበር ነው፤ ድልድዩን ሲሻገሩ ቋንቋው ይለወጣል፣ በኦሮምኛ ሰላም ሲለን የዋለው መንገድ በካፊኖኖ ይጣራል። ከዚያ ዳገቱ ነው። ስለ እሱ ብዙ አልልም። አብዛኛውን ገፍተን ወጣነው፤ ማገዶ የተሸከሙ ሁለት ልጃገረዶችም እየተጨዋወቱ ቀደሙን።

ትምህርት ቤቱ ጊምቦ ወረዳ ውስጥ፣ ከመንገዱ ጥቂት ገባ ብሎ ነው። ስንደርስ የክፍሎቹ ወንበር ከግማሽ በላይ ባዶ ነበር።

«ልጆቹስ?» አልን።

«ለቀማ ላይ ናቸዋ» አሉ ርእሰ መምህሩ፤ የምንጠይቀው ነገር የገረማቸው ይመስል። በዚህ ወር የሁሉም ቤት እጅ ቡና ላይ ነው፤ የሚለቅምለት ያጣ ቤት ፍሬው መሬት ላይ ወድቆ ይቀራል። ልጁን ከዛፉ ሥር ጎትቶ ክፍል ውስጥ ለማስቀመጥ የሚሻ በጎ አድራጊ፣ መጀመሪያ ለቤቱ የዓመት ገቢ ምን እንዳሰበ ቢናገር ደግ ነው።

ስለ ደብተሩ ስንነግራቸው አመሰገኑ፤ ቀጥለውም እኛ ከአዲስ አበባ ሆነን ልናውቀው የማንችለውን ነገሩን። «መስከረም ላይ ደብተር የሌለው ልጅ የለም። እናቱ ዶሮም ሸጣ ትገዛለታለች። ችግሩ ጥር ነው። ደብተሩ ያልቃል፤ የቡናው ብር ደግሞ ለዕዳ፣ ለልብስ፣ ለሠርግ ሄዷል። ልጁ ‹ደብተር የለኝም› ብሎ አይነግረኝም፤ ያፍራል። ዝም ብሎ ይቀራል። አንድ ሳምንት የቀረ ልጅ ደግሞ አይመለስም።» ከዚያ ቁም ሣጥኑን ከፈቱልን። ከላይኛው መደርደሪያ ላይ በራሳቸው ደመወዝ የገዟቸው አሥር የማይሞሉ ደብተሮች ተደርድረው ነበር። «እኔ የምችለው ይህን ያህል ነው። የእናንተን ቆልፌ ጥር ላይ ልስጥ?»

ቆለፉት። የመጓጓዣውን ወጪ ከየኪሳችን ስለሸፈንን የተሰበሰበው ገንዘብ እንዳለ 1,400 ደብተር ሆኖ ነበር፤ የሂሳብ ሠራተኛዋም ቁልቁለቱን ጨምራ ከፈለች።

ጥር ላይ ሁለታችን በአውቶቡስ ተመልሰን ሄድን። ርእሰ መምህሩ የማደያውን መዝገብ በመስመር አስምረው፣ የልጁን ስምና ያለቀበትን ደብተር የትምህርት ዓይነት ጽፈው ጠበቁን፤ አዲስ ለመውሰድ ያለቀውን አምጥቶ ማሳየት ግዴታ ነበር። አንድ ትንሽ ልጅ ያመጣውን አገላበጥሁት። ሽፋኑ ተገንጥሏል፤ ሒሳቡ በገጹ ኅዳግ ላይ ሳይቀር ወደ ጎን ተጽፏል፤ የመጨረሻው ገጽ በእርሳስ ተሞልቶ፣ በዚያው ላይ እንደገና በእስክሪብቶ ተጽፎበታል።

«ይህ መቼ ነው ያለቀው?» አልሁት።

«ኅዳር» አለኝ፤ አዲሱን ተቀብሎ ወጣ።