የዜማ አደራ ጠባቂዎች በስኮትላንድ አገር

ሰው ለልጁ የሚያወርሰው ርስትና ገንዘብ ብቻ አይደለም። ቋንቋውን፥ ተረቱንና ዜማውንም ያወርሳል። በርስት ክርክር ቢነሣ መዝገብ ይመሰክራል፤ ዳኛም ይፈርዳል። በአፍ ብቻ የኖረ ዜማ ግን ባለቤቱ ሞቶ አብሮት ወደ መቃብር የወረደ እንደ ሆነ ማን ይመሰክርለታል? እኛ ዕድሜያችንን ከመዝገብና ከቀለም ጋራ ያሳለፍን ሰዎች ስለ ሆንን ይህ ነገር ዘወትር ያሳስበናል። ስለዚህ ወደ ስኮትላንድ አገር በሄድን ጊዜ ከግንቡና ከቤተ መንግሥቱ ይልቅ ይህን የዜማ አደራ ያለ ደመወዝ የሚጠብቁትን ሰዎች ለማወቅ ወደድን። ያየነውንና የተረዳነውን እነሆ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። ሌላ ካላልን በቀር ዘመኑን ሁሉ የምንቈጥረው በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

ስኮትላንድ ከእንግሊዝ አገር በስተሰሜን ያለ፥ ተራራውና ሐይቁ የበዛ፥ ዝናምና ጉም የማይለየው አገር ነው። ሕዝቡ ከእንግሊዝኛ ሌላ ስኮትስና ጌሊክ የሚባሉ የራሱ ቋንቋዎች አሉት። ዋና ከተማው ኤዲንበርግ ሲሆን፥ ግንቡ በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ በነበረ አለት ላይ ተቀምጦ ከሩቅ ይታያል። ከዩኒቬርሲቴው አጠገብ ፎረስት ሮድ በተባለው መንገድ ሳንዲ ቤልስ የሚሉት አነስተኛ መጠጥ ቤት አለ። ማታ ማታ ሽማግሌውም ወጣቱም ቫዮሊኑን ይዞ ወደዚህ ቤት ይመጣል፤ አንዱ ሲጀምር ሌላው ይቀበለዋል። መድረክ የለም፤ ዘፋኙና አድማጩ በአንድ ወንበር ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። በዚህ ቤት እጅግ የታወቁት ደንበኛ ሚስተር ሐሚሽ ሄንደርሰን ነበሩ። የጽሕፈታችንም ነገር በብዙው የሚያያዘው ከእሳቸው ጋራ ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካለቀ በኋላ በ1947 ዓ.ም. በኤዲንበርግ ታላቅ ዓለም አቀፍ የሙዚቃና የቴአትር በዓል ተመሠረተ። ከልዩ ልዩ አገር የታወቁ ሙዚቀኞች መጡ። ነገር ግን የገበሬው፥ የዓሣ አጥማጁና የእረኛው ዜማ በዚያ በዓል ላይ ይህን ያህል ስፍራ አላገኘም። እንግዳውን በክብር ተቀብሎ የቤቱን ሰው በጓሮ እንደ ማስቀመጥ መሆኑ ነው። ስለዚህ በ1951 ዓ.ም. የሠራተኞች ማኅበሮችና ወዳጆቻቸው የሕዝብ በዓል የሚባል ሌላ በዓል አቆሙ። በዚሁ በዓል ላይ ሚስተር ሄንደርሰን በኦድፌሎስ አዳራሽ ኬይሊ አሰናዱ። ኬይሊ ማለት ጎረቤት በአንድ ቤት ተሰብስቦ በዘፈን፥ በጭፈራና በተረት የሚያመሽበት የአገሩ የቆየ ልማድ ነው።

በዚያ ሌሊት የዘፈኑት በቴአትር ቤት የሠለጠኑ አልነበሩም። ፍሎራ ማክኒልና ካለም ጆንስተን ከባራ ደሴት የጌሊክ ዜማ ይዘው መጡ። ጆን ስትራካን ከአበርዲን አውራጃ የመጡ ገበሬ ነበሩ፤ ጂሚ ማክቤዝ ደግሞ በየገበያው እየዞሩ የሚዘፍኑ ሰው ነበሩ። አለን ሎማክስ የተባሉት አሜሪካዊ የዜማ ሊቅ ጉባኤውን በድምፅ መቅረጫ መኪና ስለ ቀረፁት ድምፁ እስከ ዛሬ ይሰማል። የከተማው ወጣት በአባቱ አገር እንዲህ ያለ ሀብት መኖሩን ያወቀው በዚያ ጊዜ ነው። ብዙዎችም የስኮትላንድ የዜማ ትንሣኤ ከዚያች ሌሊት ይቈጠራል ይላሉ።

ሚስተር ሄንደርሰን በ1919 ዓ.ም. በፐርዝ አውራጃ ብሌርጋውሪ በምትባል ከተማ ተወለዱ። እናታቸው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ያገለገሉ አስታማሚ ነበሩ፤ ልጃቸውንም በዘፈንና በተረት አሳደጉ። ልጁ በካምብሪጅ ዩኒቬርሲቴ ብዙ ቋንቋ ተማሩ፤ በጦርነቱም ጊዜ የወሬ ምርመራ መኰንን ሆነው በሰሜን አፍሪካና በኢጣልያ ዘመቱ። በዘመቻው ላይ ሳሉ እንኳ ወታደሩ የሚዘፍነውን መጻፍ አልተዉም።

እዚህ ላይ የእኛን አገር የሚነካ አንድ ታሪክ አለ። በግንቦት ወር 1945 ዓ.ም. ማርሻል ግራዚያኒ እጁን ሰጥቶ ለወታደሮቹ የሰጠው የመገዛት ትእዛዝ በተጻፈ ጊዜ፥ ጽሕፈቱን የተቈጣጠሩት እኒሁ ካፒቴን ሄንደርሰን ነበሩ። ግራዚያኒ ማለት በእኛ አቈጣጠር የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ፥ በዚያው ዓመት በግንቦትም በደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ላይ ያ ሁሉ ግፍ ሲፈጸም የኢጣልያ እንደራሴ የነበረው ነው። ስለዚያ ግፍ በዳኛ ፊት ቀርቦ አልተፈረደበትም። የመሸነፉን ቃል ሲጽፍ ግን ከፊቱ ቆመው የተቈጣጠሩት የእረኛና የገበሬ ዘፈን ሰብሳቢ መሆናቸው ለእኛ ለጸሐፊዎች የሚያስደንቅ ነገር ነው። ትዕቢተኛው በብረት ያሰፋው ግዛት ፈረሰ፤ ትሑቱ ሰው በጆሮው የሰበሰበው ግን ቆመ።

ከኤዲንበርግ ወደ ሰሜን በፐርዝ በኩል አልፈን ብሌርጋውሪ ገባን። ከተማይቱ በኤሪክት ወንዝ ዳር ያለች፥ ዙሪያዋ እንጆሪ የሚተከልበት ለም አገር ናት። ዛሬ እንጆሪው በረጃጅም የፕላስቲክ ድንኳን ሥር ይበቅላል፤ ለቃሚዎቹም አብዛኞቹ ከሌላ አገር የሚመጡ ናቸው። ቀድሞ ግን በለቀማው ወራት የየከተማው ድኻ ቤተ ሰብ ከነልጆቹ ይሰፍርበት ነበር። ይልቁንም ተጓዦች የሚባሉት ወገኖች በብዛት ይመጡ ነበር። እነዚህ ሰዎች ከስፍራ ወደ ስፍራ በጋሪና በድንኳን የሚዞሩ፥ ቆርቆሮ በመሥራት፥ ፈረስ በመሸጥና በእርሻ ሥራ የሚተዳደሩ ነበሩ። የከተማው ሰው ይንቃቸው፥ ከደጁም ያባርራቸው ነበር። ዳሩ ግን ሌላው ሰው የረሳውን የብዙ መቶ ዓመት ዘፈን በቃላቸው ይዘው የኖሩት እነርሱ ናቸው።

ሚስተር ሄንደርሰን በ1955 ዓ.ም. ድምፅ መቅረጫቸውን ይዘው ከእነዚህ ሰዎች ሰፈር ሰፈሩ። ማታ እሳት ሲነድ እናት ለልጇ፥ አያትም ለልጅ ልጁ የሚዘፍነውን ቀረፁ። የዘፈኑን ብዛት ሲናገሩም ከናያግራ ፏፏቴ ሥር ጣሳ ይዞ እንደ መቆም ነው ይሉ ነበር። ከእነዚያ ወገኖች መካከል የብሌር ስቱዋርቶች የሚባሉት ቤተ ሰብ ኋላ በውጭ አገር ሳይቀር ታወቁ።

ከዚያ አስቀድሞ በ1953 ዓ.ም. በአበርዲን ከተማ የወይዘሮ ጂኒ ሮበርትሰንን ደጅ አንኳኵተው ነበር። ወይዘሮይቱ ከተጓዦቹ ወገን የተወለዱ፥ ቤታቸውን የሚያስተዳድሩ እናት ነበሩ። እንግዳውን ለመቀበል መዠመሪያ አመነቱ። እንግዳው ግን አንድ የቆየ የጦርነት ዘፈን ቢጀምሩ፥ ወይዘሮይቱ እንዲህ አይደለም ብለው ትክክለኛውን ዘፍነው አሰሙአቸው ተብሎ ይነገራል። በዚያ ቤት ሊቁ ተማሪ፥ የቤት እመቤቲቱ መምህር ሆኑ። ወይዘሮ ጂኒ በ1968 ዓ.ም. ከብሪታንያ መንግሥት ኒሻን ተሸለሙ። ወገኖቻቸው ከደጅ ይባረሩ የነበሩት ሴት በአገራቸው መንግሥት ፊት ተከበሩ።

ነገሩ ግን ያለ ተቃውሞ አልሄደም። ታላቁ ባለቅኔ ሚስተር ሂው ማክዳይርሚድ በ1964 ዓ.ም. ስኮትስማን በተባለው ጋዜጣ ላይ የባላገር ዘፈን ያልተማሩ ሰዎች ነገር ነው፥ ለዘመናችን አይጠቅምም በማለት ተከራከሩ። ሚስተር ሄንደርሰንም ሥር የሌለው ዛፍ ፍሬ አይሰጥም በሚል መንፈስ መለሱላቸው። እኛ ሁለቱን ወገን ስንመዝን የባለቅኔውን ፍርሃት ፈጽመን አንንቀውም፤ ያለፈውን ብቻ እያመሰገነ የሚኖር ሕዝብ ወደፊት አይራመድምና። ነገር ግን የእናቱን ዘፈን አፍሮ የጣለ ሰው የሌላውን ሲዋስ እንደሚኖር ልንረሳው አይገባም።

በ1951 ዓ.ም. በኤዲንበርግ ዩኒቬርሲቴ የስኮትላንድ ጥናት ትምህርት ቤት ተመሠረተ፤ ሚስተር ሄንደርሰንም በዚያ ብዙ ዘመን ሠሩ። የተቀረፀው ድምፅ በግምጃ ቤት ተከማቸ፤ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮም ከዚህ ብዙው በኢንተርኔት ለሁሉ ተከፍቶአል። ይሁን እንጂ በግምጃ ቤት ያለ ዘፈን በጎተራ እንዳለ ዘር ነው፤ ካልተዘራ አይበቅልም። የሚዘሩት ደግሞ ስማቸው በጋዜጣ የማይወጣ ሰዎች ናቸው።

በ1966 ዓ.ም. የባህላዊ ሙዚቃና ዘፈን ማኅበር ተቋቁሞ በዚችው በብሌርጋውሪ በዓል አደረገ። በዓሉ ኋላ ወደ ኪንሮስ፥ ከዚያም ወደ ኦክተርማክቲ ተዛወረ። ሥራውን የተሸከሙት በፈቃዳቸው የሚያገለግሉ ሰዎች ናቸው። አንዱ አዳራሽ ይከራያል፤ አንዷ ከሩቅ ለመጡት ሽማግሌዎች ማደሪያ ትፈልጋለች፤ ሌላው ወንበር ይደረድራል፥ በር ይጠብቃል፥ ሻይ ያፈላል፥ ሲያልቅም ስኒ ያጥባል። ከሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ሥራ ነው። ይኸውም ዐይን አፋሩን ሽማግሌ ማበረታታት፥ ደፋሩን ወጣት ዝም አሰኝቶ እንዲያዳምጥ ማድረግ፥ ሁለቱንም ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። ዘፈን ከአፍ ወደ ጆሮ የሚሻገረው በዚያች ስፍራ ነውና። በባራ ደሴትም በ1981 ዓ.ም. የአገሩ ሰዎች ልጆቻቸው ቋንቋውንና ዜማውን እንዲማሩ ፌሽ የሚባል የልጆች ጉባኤ አቆሙ፤ ይህም በሌላው አውራጃ ሁሉ ተስፋፋ።

እንዲህ ያለ አገልጋይ አርባ ዓመት ሙሉ ወንበር ሲደረድር ኖሮ፥ አንድ ቀን ጉልበቱ ሲደክም የሚተካው ይፈልጋል። ዘፋኝ መሆን የሚወድ ብዙ ነው፤ አዳራሹን ከፍቶ መብራቱን አጥፍቶ የሚሄድ ግን ጥቂት ነው። ጭብጨባ ለዘፋኙ ነው፤ ድካሙ የአሰናጁ ነው። አሰናጁ የታጣ ለታ ደግሞ ዘፋኙም ተማሪውም የሚገናኙበት ቤት ይዘጋል። የአገሩ ሰዎች ይህን ዐውቀው ለሙዚቃው ላገለገሉ ሰዎች በሚስተር ሄንደርሰን ስም የሚሰጥ ሽልማት ማቆማቸውን ስንሰማ ደስ አለን። እሳቸው ራሳቸው ግን በ1983 ዓ.ም. የብሪታንያ መንግሥት ሊሰጣቸው ያሰበውን ኒሻን፥ በአቶሚክ የጦር መሣሪያ ፖሊሲው ምክንያት አልቀበልም ብለዋል።

ሚስተር ሄንደርሰን በ2002 ዓ.ም. በኤዲንበርግ ዐረፉ። አመዳቸው ከብሌርጋውሪ በስተሰሜን በግሌንሺ ሸለቆ፥ ቤን ጉላቢን በሚባለው ተራራ ላይ ተበተነ። እኛም በመንገዱ ሄደን ተራራውን ከግርጌው አየነው። ከፍታው 806 ሜትር ነው፤ በላዩ ሐውልት አላየንም፤ ነፋስና በግ ብቻ ነበረ። ለካ ሐውልታቸው በየአዳራሹ የሚዘፍነው ልጅ ኖሮአል።

አንባቢዎቻችን ሆይ፥ ይህን የጻፍነው የሰውን አገር ለማመስገን ብቻ አይደለም። በእያንዳንዱ ቤት አንድ አያት፥ በእያንዳንዱም አያት ልብ ያልተጻፈ ነገር አለ። ልጆቻችሁን በምሽት ከፊታቸው አስቀምጡአቸው፤ ወንበሩንም እናንተ አቅርቡላቸው። ምሽቱ የነጋ እንደ ሆነ መጠየቅ አይቻልምና።