በስቅለት ዋዜማ የተላከው ገንዘብ

የክሬዲት ካርድ ዕዳዬ ከቅንጦት የመጣ አልነበረም። ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም ውስጥ፣ አርግዊንግስ ኮድሄክ መንገድ ዳር ካለ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ተከራይቼ የአየር ቲኬት እሸጥ ነበር። ደንበኞቼ አብዛኞቹ የእኛው ሰዎች ናቸው፤ ለልቅሶ አዲስ አበባ የሚሮጡ፣ ከዱባይ ዕቃ የሚያመጡ፣ ጁባ ሥራ ያላቸው። ቲኬቱን በካርዴ እቆርጣለሁ፤ ደንበኛው በኤምፔሳ ይልክልኛል፤ ወር ሲያልቅ ለባንኩ እከፍላለሁ። አገር ቤት ላሉ ዘመዶቼ ይህን ማስረዳት ያስቸግረኝ ነበር። እነሱ ዘንድ ካርድ ማለት የራስን ገንዘብ ከኤቲኤም ማውጫ ነው። የእኔን የሰፈር ሱቅ የዱቤ ደብተር በሉት፤ ባለሱቁ በየወሩ ወለድ የሚጨምርበት።

በማርች 2020 ኮቪድ ገባና ኬንያ ከ25ኛው ቀን ጀምሮ ዓለም አቀፍ በረራ አቆመች። እስከ ኦገስት 1 አልተከፈተም። ከአየር መንገዶቹ የሚመጣልኝ ቫውቸር ነበር፤ ደንበኛ ደግሞ የሚፈልገው ገንዘቡን ነው። የልቅሶ መሄጃ ከፍሎ ሳይሄድ ለቀረ ሰው «ቫውቸር ውሰድ» ማለት አልሆነልኝም። ከእጄ ላይ እያወጣሁ መለስኩላቸው። ካርዱ ላይ 412 ሺህ ሽልንግ ቀረ። የኬንያ ማዕከላዊ ባንክ በዚያው ማርች ወረርሽኙ የጎዳቸው ተበዳሪዎች የግል ብድራቸው እስከ አንድ ዓመት እንዲራዘምላቸው መንገድ ከፍቶ ስለነበር አመለከትኩ፤ ተራዘመልኝም። ወለዱ ግን አብሮ አላረፈም።

በ2022 መጀመሪያ የባንኩ ዕዳ ማስመለሻ ክፍል ድርድር አቀረበልኝ። 300 ሺህ በሦስት ጊዜ ከከፈልኩ ቀሪው ይሰረዛል፣ ሂሳቡም ይዘጋል። በደብዳቤ ስጡኝ አልኩ፤ ሰጡኝ። የመጨረሻው ክፍያ ቀነ ገደብ ኤፕሪል 15 ሆነ።

ያ ቀን የምዕራባውያን ስቅለት ነበር። በኬንያ ዓርቡም ቀጥሎ ያለው ሰኞም ባንክ ዝግ ነው። የእኛ ትንሣኤ በዚያ ዓመት ኤፕሪል 24 ስለዋለ እኛ ገና ሆሳዕና አልደረስንም ነበር። ሐሙስ ኤፕሪል 14 ጠዋት ከሌላ ባንክ የመጨረሻውን 100 ሺህ ላክሁና ማኅተም ያረፈበት ደረሰኝ ይዤ ወጣሁ። ካርዱ ሂሳብ ላይ የተመዘገበው ግን ማክሰኞ 19 ነው። በባንኩ ኮምፒውተር ዓይን ቀነ ገደቡ አልፏል። ስምምነቱ ፈረሰ፤ የተሰረዘው ዕዳ ተመለሰ፤ ወለዱና መቀጫው ካቆመበት ቀጠለ። ይህን የነገረኝ ማንም የለም።

የሰማሁት ከዓመት በላይ ቆይቶ፣ ባንኩ ዕዳ እንዲሰበስብለት ከቀጠረው ድርጅት ከተደወለ ስልክ ነው። «ማዳም፣ 604 ሺህ አለብሽ። እስከ ዓርብ ካልከፈልሽ ፋይሉ ለሐራጅ ይሄዳል።» ከፍዬ ጨርሻለሁ ብል ደዋዩ አይከራከርም። የሚያነበው ወረቀት ፊቱ አለ፤ በሚቀጥለው ቀን ሌላ ሰው ያንኑ ያነባል።

ስልኩን እለምደው ነበር። ያልለመድኩት ከዚያ በኋላ የመጣውን ነው። ከየት እንዳገኙት እንጃ፣ ወደ ደንበኞቼና ወደ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች መደወል ጀመሩ። አንድ የማከብራቸው አባት ከቅዳሴ በኋላ ለብቻዬ ጠርተው «ልጄ፣ አንድ ሰው ስለ አንቺ ደጋግሞ ይደውልልኛል። ገንዘብ ወስደሽ ተሰወርሽ እንዴ?» አሉኝ። ደረሰኙን ከቦርሳዬ አውጥቼ ባሳያቸው ይበልጥ አፈሩ፤ እኔም አፈርኩ። በዚያ ሰሞን እቁብ ወጣልኝ። ለዓመታት ሳላጓድል የጣልኩበት ነው፤ ሰብሳቢው ግን ገንዘቡን ከመስጠታቸው በፊት ተጨማሪ ዋስ እንዳመጣ ጠየቁ። አልተቀየምኳቸውም። የሰው አደራ የያዘ ሰው ወሬ ሲሰማ ዋስ ይጠይቃል። የተቀየምኩት ያንን ወሬ ሥራዬ ብለው ያሰራጩትን ነው።

ለዕዳ ብሎ እንዲህ ወደ ሰው ዘንድ መደወል በኬንያ ሕግ የተከለከለ መሆኑን ያኔ አላውቅም ነበር። የግል መረጃ ጥበቃ ሕጉ የወጣው በ2019 ነው። በሴፕቴምበር 2023 የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽነሯ ቢሮ ሙላ ፕራይድ የተባለውን የዲጂታል አበዳሪ ድርጅት የሰዎችን ስልክ ለማስፈራሪያ በመጠቀሙ 2 ሚሊዮን 975 ሺህ ሽልንግ ቀጥቶታል። ዜናውን ሳነብ ብቻዬን እንዳልሆንኩ ገባኝና ጠበቃ ፈለግሁ።

ያገኘሁት ጠበቃ ቢሮው የእኔም ቢሮ ባለበት መንገድ ላይ ነው። መንገዱ ራሱ የተሰየመው በመጀመሪያው ጥቁር ኬንያዊ ጠበቃ ነው፤ አርግዊንግስ ኮድሄክ በጃንዋሪ 1969 ሕይወታቸው ያለፈው እዚያው መንገድ ላይ በደረሰ የመኪና አደጋ ነው። ስንት ዓመት ስመላለስበት ይህን የነገረኝ እሱ ነው። ወረቀቶቼን ሁሉ በቀን ቅደም ተከተል አስደረደረኝ። ከዚያ የባንክ ሕጉን አንቀጽ 44ሀ አሳየኝ። ከ2007 ጀምሮ የሚሠራ ነው፤ ብድር ከተበላሸ በኋላ የሚጠየቀው ወለድ በዚያን ጊዜ ከነበረው ዋና ገንዘብ መብለጥ አይችልም። የእኔ ዋና ገንዘብ 412 ሺህ ከሆነ፣ የማስመለሻ ወጪው ሳይቆጠር ጣሪያው 824 ሺህ ነው። 300 ከፍያለሁ፣ 604 ይጠይቁኛል፤ ጠበቃው ደምሮ ሳቀ። እኔ ለመሳቅ አልደረስኩም።

ከብድር መረጃ ቢሮዎቹ የራሴን ሪፖርት አወጣሁ፤ በዓመት አንዴ በነጻ ማግኘት መብት ነው። ስሜ ዕዳ ካልከፈሉት መካከል ሰፍሯል። ተቃውሞዬን በጽሑፍ አስገባሁ። ሕጉ ቢሮው መረጃው አከራካሪ መሆኑን ምልክት አድርጎ ከላኪው ባንክ ጋር እንዲያጣራ ያዝዛል፤ ባንኩን በሩ ድረስ ያመጣው ይኸው ነው። እስከዚያ ድረስ ለደብዳቤዎቼ የሚመጣው መልስ «እየታየ ነው» ብቻ ነበር።

በመጨረሻ ያገኘችኝ አንዲት ወጣት የባንኩ ሠራተኛ ናት። የካርዱን ሂሳብ ከፈተች፤ ስምምነቱ እዚያ የለም። የማስመለሻ ክፍሉን መዝገብ ከፈተች፤ ስምምነቱ አለ፣ ሦስተኛው ክፍያ የለም። ሰብሳቢው ድርጅት የተላከለት ዝርዝር ደግሞ ስምና ጠቅላላ ድምር እንጂ ሌላ ነገር የለበትም። ደረሰኜን አገላብጣ አየች፣ በስልኳ የ2022ን ካላንደር ፈለገች፣ ከዚያ «15 እኮ ጉድ ፍራይደይ ነበር» አለች። ለወራት የጮህኩትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው። ባንክ በተዘጋበት ቀን የሚያልቅ ቀነ ገደብ ሰጥቶ ዋዜማውን የከፈለን ሰው ዘገየሽ ማለት እንደማያስኬድ አለቃዋን ያሳመነችውም እሷ ናት።

ዕዳ የለብሽም የሚል ደብዳቤ ተጻፈልኝ። ጠበቃው አንብቦ መለሰው፤ ዕዳው የተዘጋበት ቀን ተብሎ የሰፈረው ደብዳቤው የተጻፈበት ዕለት ነበር። ነገሩ ቀላል አይደለም፤ ከ2020 እስከ 2022 የዘገየሁበት ታሪክ እውነት ስለሆነ ከመረጃ ቢሮው አይፋቅም፤ ዕዳው ከተዘጋ በኋላ አምስት ዓመት ይቆያል። የቀን ስህተት ማለት ቤት ስከራይ፣ ብድር ስጠይቅ ከዓመት በላይ ተጨማሪ ጥያቄ ማለት ነው። አስተካከሉትና ኤፕሪል 19 ቀን 2022 አሉት። ጠበቃው «14 ይባል እንበላቸው?» ሲለኝ ተውልኝ አልኩት። ይቅርታ የሚል ቃል በደብዳቤው ውስጥ አልነበረም፤ ለእቁቡ ሰብሳቢና ለእኚያ አባት ቅጂውን ራሴ ወስጄ ሰጠኋቸው።