ስም ያላገኘሁለት ሕመም

በአማርኛ «ሐራራ» የምትባል ቃል አለች። ጠዋት ቡናውን ያልጠጣ ሰው ራሱን ሲፈልጠው፣ ሲጋራ የተወ ሰው እጁ ሲቅበጠበጥ፣ ጫት ያቆመ ሰው ከሰዓት በኋላ ሲያዛጋና ሲነጫነጭ «ሐራራ ይዞት ነው» እንላለን። ቃሏ ሁለት ነገር በአንድነት ትሸከማለች፤ የሰውነትን ሕመምና የልብን ናፍቆት። ባለ ሐራራውን የሚያመው ያጣውን ነገር ስለሚፈልገው ነው። እኔ ግን ካለፈው ዓመት ከመንፈቅ ወዲህ፣ ሕመሙ ያለ ናፍቆቱ ሲመጣ ምን እንደሚመስል በራሴ አካል አይቻለሁ። ለዚህ ሁኔታ በቋንቋዬ ውስጥ ስም ብፈልግ አላገኘሁም። ስም የሌለው ሕመም ደግሞ ለማስረዳት ይቸግራል፤ ለሐኪም ብቻ ሳይሆን ለሚስት፣ ለእናት፣ ለሥራ ባልደረባም።

በ2013 ዓ.ም. ድብርት ያዘኝ። ስለ ድብርቱ እዚህ ላይ ብዙ አልልም፤ የቀመሰው ያውቀዋል፣ ላልቀመሰውም ቃል አይበቃውም። ሐኪሜ ሰርትራሊን የተባለውን መድኃኒት አዘዘልኝ። መድኃኒቱ ረዳኝ። ይህን አስቀድሜ በግልጽ መናገር እወዳለሁ፤ ከዚህ በታች የምጽፈው መድኃኒትን ለማውገዝ አይደለምና። ከአልጋ አንሥቶ ወደ ባንክ መስኮቴ መልሶኛል፤ ብር እንድቆጥር፣ ፊርማ እንዳመሳክር፣ ማታ ከልጄ ጋር እንድስቅ አድርጎኛል።

በሦስተኛው ዓመት አጎቴ ዐረፉ። ያሳደጉኝ፣ ፊደል ያስቆጠሩኝ፣ የመጀመሪያ ግጥሜን ሰምተው «ቤት አይመታም፣ ነገር ግን እውነት አለው» ያሉኝ ሰው ነበሩ። በለቅሶው ላይ ሴቶቹ ሙሾ ሲያወጡ፣ ጎረምሶቹ ደረታቸውን ሲመቱ፣ እኔ በደረቅ ዐይን ቆሜ ቀረሁ። ኀዘኑ የለም ማለት አይደለም። ከወፍራም መስታወት በስተጀርባ እንዳለ ሰው ይታየኛል፣ ድምፁ ግን አይሰማኝም። በእኛ አገር በለቅሶ ላይ ደረቅ ዐይን ይዞ መቆም ቀላል ነገር አይደለም፤ ዘመድም ይታዘባል፣ ሰው ራሱንም ይታዘባል። ይህ የስሜት መደንዘዝ እንዲህ ያለውን መድኃኒት በሚወስዱ ሰዎች ላይ የሚታይ፣ በሕክምናም የታወቀ ነገር መሆኑን ሐኪሜ ነገረኝ። ድብርቱ ከራቀኝ ከዓመት በላይ ስለሆነ መድኃኒቱን ቀስ ብለን እንድናቆም ተስማማን። ከ100 ሚሊ ግራም ወደ 50፣ ከ50 ወደ 25፣ ከዚያም ወደ ምንም፤ በጠቅላላው ስድስት ሳምንት። በጥር 2016 ዓ.ም. የመጨረሻዋን ክኒን ዋጥሁ።

በአራተኛው ቀን ነገሩ ጀመረ። ዐይኔን ከኮምፒዩተሩ ወደ ደንበኛው በመለስሁ ቁጥር፣ እርጥብ እጅ የተላጠ ሽቦ ሲነካ እንደሚሆነው ያለ አጭር ንዝረት በጭንቅላቴ ውስጥ ያልፋል። አያምም፤ ግን ለቅጽበት ዓለም የተቆረጠች ፊልም ትመስላለች። ከዚያ መሬቱ በጀልባ ላይ እንደቆመ ሰው ይዋልልብኝ ጀመር። ማቅለሽለሹ መጣ። ሌሊት ሌሊት ሕልሜ ከቀኑ ይልቅ የጠራ ሆነ፤ ከእንቅልፌ ስነቃ ስደክም እንጂ ስበረታ አልነቃም። በትንሽ ነገር እቆጣለሁ፤ ከሁሉ የከፋው ግን በትንሽ ነገር ማልቀሴ ነበር። ለአጎቴ ያልፈሰሰው እንባ በሬዲዮ ማስታወቂያ ይፈስስ ጀመር።

አንድ ቀን የቁጠባ ደብተር የያዙ እናት በመስኮቴ ፊት ቆሙ። ያላቸውን ሁሉ ሊያወጡ ነው የመጡት፤ ልጃቸው ወደ ዐረብ አገር ልትሄድ ነው፤ «ለመንገዷ ነው» አሉ። ብሩን ቆጥሬ፣ ደግሜ ቆጥሬ፣ ሦስተኛ ስቆጥር እንባዬ በኖቶቹ ላይ ጠብ አለ። ሴትዮዋ በመስታወቱ ቀዳዳ እጃቸውን ሰደዱና ጣቴን ያዙ፤ «ምነው ልጄ፣ አመመህ እንዴ? እግዜር ይማርህ» አሉኝ። ልጅ የሚሸኙት እርሳቸው፤ የሚያጽናኑት እኔን። ባልደረባዬ መስኮቴን ተረክባ ወደ ጓዳ ሰደደችኝ።

እንግዲህ ስም ፍለጋው እዚህ ላይ ነው ያስፈለገኝ። ባልደረባዬ «ሐራራ ነው፣ ይለቅሃል» አለችኝ። እናቴ «ይህ የፈረንጅ ክኒን ሱስ ያስይዛል ስልህ አልነበር?» አለች። አክስቴ ጠበል እንድጀምር መከሩኝ፤ ምክራቸው ከፍቅር የመነጨ ስለሆነ እጅ ነሥቼ ተቀበልሁት። ባለቤቴ ግን ሌሊት በጨለማ ውስጥ ዝቅ ባለ ድምፅ «ተመለሰብህ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ከሁሉ የከበደኝ ይህ ጥያቄ ነበር። ድብርቱ ተመልሶ ከሆነ፣ ያ ሁሉ ዓመት ከንቱ ሊሆን ነው፤ ደግሞም እስከ ዕድሜ ልክ ከመድኃኒቱ ጋር መኖር ሊመጣ ነው። ተመልሶ ካልሆነ ግን፣ ይህ ምንድን ነው?

ከሐኪሜ ጋር ተቀምጠን፣ እኔም በበኩሌ ያገኘሁትን እያነበብሁ፣ መልሱን ጥቂት በጥቂት ለየነው። ነገሩ አዲስ አይደለም። ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ሮላንድ ኩን ኢሚፕራሚን ለድብርት እንደሚረዳ እ.ኤ.አ. በ1957 ካሳወቀ በኋላ፣ ብዙ ሳይቆይ መድኃኒቱ ሲቋረጥ ሕመምተኞች እንደሚያቅለሸልሻቸውና እንቅልፍ እንደሚነሣቸው ሐኪሞች ጽፈዋል። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እነ ፕሮዛክ ሲመጡም ነገሩ ተስተውሏል። ሆኖም ለረጅም ጊዜ መመሪያዎቹ «ቀላል ነው፣ በአንድ ሁለት ሳምንት ያልፋል» ይሉ ነበር። የብሪታንያ የአእምሮ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ በ2019 አቋሙን አሻሽሎ፣ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ምልክቱ ከባድና ረጅም ጊዜ የሚቆይ ሊሆን እንደሚችል ዐውቆ ጻፈ። ይህን ሳነብ፣ ደብዳቤው በስሜ የተጻፈልኝ ያህል ተሰማኝ።

በዚያው ዓመት ማርክ ሆሮዊትዝና ዴቪድ ቴይለር የተባሉ ሊቃውንት በላንሴት ሳይካትሪ ባወጡት ጽሑፍ፣ የመጨረሻዎቹ ሚሊ ግራሞች ለምን እንደሚከብዱ አስረድተዋል። የመድኃኒቱ መጠን በግማሽ ሲቀንስ በአንጎል ላይ ያለው ሥራ በግማሽ አይቀንስም። ከ100 ወደ 50 ሲወርድ ሥራው የሚቀንሰው በጥቂቱ ነው፤ ከ25 ወደ ምንም ሲወርድ ግን ብዙው በአንድ ጊዜ ይወድቃል። ከላይ ያሉት ደረጃዎቹ ተቀራራቢ ሆነው፣ የመጨረሻው ከመሬት በሰው ቁመት የሚርቅ መሰላል አስቡ። የላዮቹን በእርጋታ የወረደ ሰው፣ ከመጨረሻው ላይ መዝለል ይሆንበታል። ስለዚህ ከታች ያሉትን ደረጃዎች ማብዛት፣ ጊዜውንም በሳምንት ሳይሆን በወራት መቁጠር ያስፈልጋል ይላሉ።

ይህ በሁሉም ሰው ላይ የሚደርስ እንዳይመስል፣ ሌላውንም ወገን ልናገር። በ2024 በዚያው መጽሔት የወጣ፣ 79 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ እንደሚለው፣ የድብርት መድኃኒት ካቆሙት ሰዎች ከመቶ 31 ያህሉ ቢያንስ አንድ ምልክት አይተዋል፤ መድኃኒት የሌለበትን ክኒን ሲወስዱ ቆይተው ካቆሙትም ከመቶ 17 ያህሉ እንዲሁ። ከባድ ምልክት የደረሰባቸው ከመቶ 3 ገደማ ናቸው። ብዙ ሰው በሰላም ይለየዋል ማለት ነው። ከጥቂቶቹ መካከል መገኘት ግን የቁጥር ነገር መሆኑ ያበቃል፤ ባንክ ውስጥ እንደምናውቀው፣ ጉድለቱ በአንተ ካዝና ከተገኘ የቅርንጫፉ ጠቅላላ ሒሳብ መልካም መሆኑ አያጽናናም።

ለባለቤቴ ጥያቄም መልስ ተገኘ። የመድኃኒቱ መውጣት የሚያመጣው ሕመም በቀናት ውስጥ ይጀምራል፤ ድብርት የሚመለሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሳምንታትና ከወራት በኋላ፣ ቀስ እያለ ነው። ንዝረቱና መዋለሉ በድብርቴ ዘመን ያልነበሩ አዲሶች ናቸው። ድብርት እንደ ክረምት ደመና ውሎ ያድራል፤ ይህኛው እንደ ማዕበል ይመጣል፣ ይሄዳል። አንድ ሌላም ልዩነት እኔ ራሴ አስተዋልሁ፤ በድብርቴ ጊዜ ምንም አልፈልግም ነበር፤ አሁን ግን እየታመምሁም እፈልጋለሁ፤ መጻፍ፣ መብላት፣ ልጄን መሸከም እፈልጋለሁ። ክኒኑን ግን አንድም ቀን አልናፈቅሁትም። ሱስም፣ ሐራራም ያልሆነው በዚህ ነው። ሰውነቴ ለሦስት ዓመት በለመደው ነገር ልክ ራሱን አበጅቶ ነበር፤ አሁን ያንን መልሶ እያፈረሰ፣ እንደገና እየሠራ ነው። ይህን ለባለቤቴ በዝርዝር ስነግራት «እንግዲህ ግንባታ ላይ ነን በለኛ» አለች፤ በዚያ ሰሞን የሳቅንባት የመጀመሪያዋ ሌሊት እርሷ ነበረች።

ምልክቱ ሳይለቀኝ ሁለት ወር ስላለፈው፣ ሐኪሜ 25 ሚሊ ግራሙን መልሼ እንድጀምርና ከዚያ በጣም ቀስ ብለን እንድንወርድ ሐሳብ አቀረበልኝ። ፋርማሲስቷ የክኒን መቁረጫ ሰጠችኝ። ግማሽ፣ ሩብ፣ ከዚያም ያነሰ፤ በየደረጃው አንድ ወር፣ ሲከብድም ከዚያ በላይ እየቆየሁ ዘጠኝ ወር ፈጀብኝ። ማዕበሉ ዝቅ አለ እንጂ አልጠፋም።

በዚህ መካከል የረዳኝን ልናገር፤ ምናልባት ለአንዱ ይጠቅም ይሆናል። ደብተር ያዝሁ። እንደ ሙያዬ በሁለት ዓምድ ከፈልሁት፤ በግራ የመጣብኝን፣ በቀኝ ያለፈልኝን። በመጥፎ ቀን ሰው መጥፎውን ብቻ ያስታውሳል፤ ደብተሩ ግን አይዋሽም። ባለፈው ወር አሥራ አንድ መጥፎ ቀናት፣ በዚህኛው ዘጠኝ፤ ይህን በራሴ የእጅ ጽሕፈት ማየት ከማንኛውም ማጽናኛ ይበልጥብኝ ነበር። ከቡናው አቦሉን ብቻ ጠጥቼ ቶናውንና በረካውን ለጎረቤት ተውሁ፤ እንቅልፌ በዚያ ተሻሻለ። መጠጥ ከነአካቴው ተውሁ። ከሥራ ስወጣ ከአራት ኪሎ እስከ ሽሮ ሜዳ ሽቅብ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ከእንጦጦ የሚወርደው የባሕር ዛፍ ሽታ ሲቀበለኝ የጭንቅላቴ ንዝረት ያርፋል። ለባልደረቦቼም የሚሆነውን በአጭሩ ነገርኋቸው፤ በከባድ ቀን ከመስኮት ወደ ጓዳ ሥራ የሚቀይረኝ ሰው አላጣሁም።

በሐምሌ ወር አንድ ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ ተነሥቼ እነዚህን ስንኞች ጻፍሁ፤

መድኃኒቱ ወጣ ከደሜ ተጣርቶ፤
ቤቱ ግን አልተኛም እንግዳውን ሸኝቶ፤
ወንበሩን ያነሣል፣ ያኖረዋል መልሶ፣
የእግሩን ኮቴ ድምፅ እስኪረሳ ጨርሶ።

ከሦስት ዓመት በላይ አንድም ስንኝ አልጻፍሁም ነበር። ጽፌ ስጨርስ አጎቴን አሰብሁ፤ ቤቱ ይመታ አይመታ እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው እንደሌለ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ከዚያም አለቀስሁ። ከሕመሙ የመጣው እንባ እንዲሁ ይፈስሳል፤ ይህኛው ግን ባለቤት ነበረው። ልዩነቱን ዐውቄዋለሁ።

ዛሬ ንዝረቱ በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ፣ በተለይ በወር መዝጊያ አምሽቼ በሠራሁ ማግስት ይመጣል። እንቅልፌ አሁንም ስስ ነው። መቼ ጨርሶ እንደሚለቀኝ ቀን ቆርጦ የሚነግረኝ የለም፤ ሐኪሜም የማያውቀውን ቀን ስለማይሰጠኝ አከብረዋለሁ።

ይህን የምታነቡና በተመሳሳይ መንገድ ላይ ያላችሁ ወገኖቼ፣ መድኃኒታችሁን ይህን አንብባችሁ እንዳታቆሙ አደራ እላለሁ፤ መውረድ ካለባችሁም ከሐኪም ጋር፣ በዝግታ፣ የታችኛዎቹን ደረጃዎች አብዝታችሁ ውረዱ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣም ለነገ ሳታሳድሩ ለሰው ተናገሩ። በዚህ ሕመም ውስጥ ላለ ሰው ባል፣ ሚስት ወይም እናት የሆናችሁ ደግሞ «ተመለሰብህ?» ከማለታችሁ በፊት «ዛሬ እንዴት ነው?» በሉት። የመጀመሪያው ጥያቄ ፍርድ ያስጠብቀዋል፤ ሁለተኛው ግን የዛሬን ብቻ ይጠይቃል፣ የዛሬን ደግሞ ሁላችንም መመለስ እንችላለን።

ስሙን ግን አሁንም አላገኘሁለትም። ከእናንተ መካከል የተሻለ ቃል ያለው ካለ ቢያውሰኝ ደስ ይለኛል።