ወደ ሪያድ ለምትሄደው ልጄ

ከጨፋ ሮቢት

ልጄ፣

ቪዛሽ ወጥቷል፣ ኮንትራትሽም ተፈርሟል። ስለ ደመወዙ፣ ስለ ኤጀንሲው፣ ስለ ሻንጣው ክብደት ሳይቀር ቤቱ ሁሉ ሲያወራ ሰንብቷል። ስለ አእምሮሽ ጤና ግን እስካሁን ያነሳ የለም። ከኛ አካባቢ፣ ከከሚሴም ከባቲም፣ ዓረብ አገር ሰው ያልላከ ቤት ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ሳዑዲ ሰነድ የሌላቸውን ማስወጣት ስትጀምር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። ባዶ እጁን የመጣው ሁሉም አየው፤ መንፈሱ ታውኮ የመጣው ግን በየጓዳው ተሸሸገ። ዛሬ ኮንትራት ይዞ መሄድ ከዚያን ጊዜው ጉዞ ይሻላል፤ ነገር ግን ኮንትራት ጭንቀትን አያስቀርም። እኔ የምመክርሽ እንቅልፍሽን ከሁሉ አስቀድመሽ እንድትጠብቂ ነው። ሌላው መላ ሁሉ ከሱ በኋላ ይመጣል።

ሰው ብዙውን ጊዜ ሐሳብ እንቅልፍን ይነሳል ይላል እንጂ እንቅልፍ ማጣት ራሱ ሐሳብን እንደሚያበላሽ አያስተውልም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ አንድ ጥናት ይህን በደንብ ያሳያል። ተመራማሪዎች በ26 የብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች እንቅልፍ የቸገራቸውን 3,755 ተማሪዎች ለሁለት ከፍለው ለአንደኛው ወገን የእንቅልፍ ሕክምና ብቻ ሰጡ። መድኃኒት አልነበረም፤ የመኝታን ልማድና ስለ እንቅልፍ የሚታሰበውን የሚያስተካክል ትምህርት ነበር። እንቅልፋቸው ሲሻሻል በሰው ላይ የነበራቸው ጥርጣሬ፣ የሌለ ነገር ማየትና መስማታቸው፣ ጭንቀታቸውና ድብርታቸው አብሮ ቀነሰ። ቅነሳው ተአምር የሚባል አይደለም፤ ግን መንገዱ ከእንቅልፍ ወደ አእምሮም እንደሚሄድ አረጋገጠ። ሌላው ጥናት፣ እ.ኤ.አ. የ2003ቱ፣ ይበልጥ ያስፈራኛል። ለ2 ሳምንት በየሌሊቱ 6 ሰዓት ብቻ የተኙ ጤነኛ ሰዎች ንቃታቸው አንድ ሌሊት ሙሉ ዓይኑን ያልከደነ ሰው ያህል ወረደ። እነሱ ግን ሲጠየቁ ትንሽ ደክሞናል እንጂ ደህና ነን ይሉ ነበር። አንቺ የጋለ ካውያና የሚፈላ ዘይት ይዘሽ፣ የሰው ሕፃን ታቅፈሽ ነው የምትውይው። ስለዚህ «ለምጄዋለሁ፣ አልደከመኝም» የሚለውን የራስሽን ቃል አትመኚው።

እዚህ ላይ ስለ ጂን ሳላነሳ አላልፍም። በኛ አገር አንዲት ልጅ ድምፅ ሰማሁ፣ ሰው ሊገድለኝ ነው ካለች መጀመሪያ የሚጠራው ቃልቻ ወይም ሩቅያ የሚቀራ ሰው ነው። በጂን መኖር አልከራከርም፣ ቁርኣን ውስጥ አለ። ነገር ግን ለብዙ ቀን በቅጡ ያልተኛ ጤነኛ ሰው የሌለውን ሊሰማ፣ ወዳጁን ሊጠረጥር እንደሚችልም የታወቀ ነው። ሰበቡ ድካም ሆኖ ሳለ ሲሕር፣ ማለት ድግምት፣ ተደረገብኝ ብለሽ አሠሪሽን ብትጠይ፣ ወይም እሷ አንቺን በሲሕር ብትጠረጥርሽ፣ መዘዙ ብዙ ነው፤ ሲሕር በዚያ አገር በፍርድ ቤት የሚያስጠይቅ ወንጀል መሆኑን አትርሺ። መቅራቱን ቅሪ፣ ግን ስንት ሰዓት እንደተኛሽም ቁጠሪ።

«ሰዓቱ በእጄ ካልሆነ እንቅልፍ ከየት አመጣለሁ?» እንደምትይኝ አውቃለሁ። እውነትሽን ነው። በሰው ቤት ተቀጥራ ለምታድር ሴት «በጊዜ ተኚ» ብሎ መምከር ቀልድ ይመስላል። በዚያ ላይ የሪያድ ሌሊት በክረምታችን ወራት አጭር ነው። ሰኔ ላይ ዒሻ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው፣ የሱብሒ አዛን ደግሞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል አካባቢ ይላል፤ ጨፋ ላይ ያኔ ገና ድቅድቅ ሌሊት ነው። በረመዷን ቤተሰቡ ከተራዊሕ እስከ ሱሑር ሲጫወት ያነጋል፣ ሳህኑም አያልቅም። ቢሆንም ሦስት ነገር በእጅሽ አለ። አንደኛው ሕጉ ነው። በሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ ሠራተኛዋ በየቀኑ የዕረፍት ሰዓት፣ በሳምንትም አንድ የዕረፍት ቀን እንዲኖራት ተደንግጓል። ይህን በመጀመሪያው ሳምንት በትሕትና አንሺው፤ ከስድስት ወር በኋላ ማንሳት ጠብ ይመስላል። ሁለተኛው ቀይሉላ፣ የቀትር እንቅልፍ፣ ነው። እንቅልፍ ተከፋፍሎም ቢሆን ከሞላ ጎደል ይጠቅማል፤ ትልቁ ነገር የ24 ሰዓቱ ድምር ነው። ከዙሁር በኋላ ቤቱ ሲያሸልብ አንቺም ስልክሽን ትተሽ ጋደም በይ። እነሱም የሚያውቁት ሱና ስለሆነ ስንፍና ነው ብለው ለመንቀፍ ይከብዳቸዋል። ሦስተኛው ቡና ነው። የጥቂት ስኒ ቡና ያህል ካፌይን ከመኝታ 6 ሰዓት ቀደም ብሎ ቢወሰድ እንኳ እንቅልፍን ከ1 ሰዓት በላይ እንደሚቀንስ ተለክቷል። የወሎ ልጅን ቡና ተዪ አልልም፤ አቦሉንም በረካውንም ጠዋት ጨርሺው። ከዐስር በኋላ የሚቀዳውን የነሱን ቀህዋ ለእንግዳ ቅጂ እንጂ አንቺ አትጠጪው።

ከእንቅልፍ ቀጥሎ ልብን አሁን ባለበት መሰብሰብ ይመጣል፤ ፈረንጆቹ ማይንድፉልነስ የሚሉት። እ.ኤ.አ. በ1979 ጆን ካባት ዚን የተባለ አሜሪካዊ ከቡድሂዝም ልምምድ ወስዶ፣ ሃይማኖቱን ትቶ፣ በማሳቹሴትስ ለሕሙማን ማስተማር ጀመረ። «ሶላት እያለኝ ይህ ለምኔ?» ብትዪ መልሴ አጭር ነው፤ ሶላትሽ ላይ የምትጨምሪው ሌላ ዒባዳ የለም። በኹሹዕ፣ ልቡን ሰብስቦ፣ የሰገደና ጎንበስ ቀና ብቻ ያለ ሰው ልዩነት ለኛ አዲስ ነገር አይደለም፣ የወሎ ሸኾችም በዚክሩ ያስተማሩት ልብን መመለስን ነው። ከሶላት በኋላ መስገጃው ላይ ትንሽ ቆዪና ትንፋሽሽን እስከ 10 ቁጠሪ። ሐሳብሽ ወደ ብድሩ፣ ወደ ታናሽ ወንድምሽ ትምህርት ቤት ክፍያ ይሄዳል፤ መሄዱን እይና ሳትቆጪው ወደ ትንፋሽሽ መልሺው። የሚያሠለጥንሽ ራሱ መመለሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የ47 ጥናቶችና የ3,515 ሰዎች ውጤት ተጠቃልሎ ሲታይ እንዲህ ያለው ልምምድ ጭንቀትንና ድብርትን በመጠኑ ይቀንሳል፣ ከስፖርት ወይም ከመድኃኒት ይበልጣል የሚያሰኝ ማስረጃ ግን አልተገኘም። እኔም ከዚያ በላይ አላወድሰውም። ደግሞ አንድ ፍርሃት አለኝ፦ ይህ ምክር በደልን በዝምታ መዋጫ እንዳይሆን። ደመወዝሽ ሲያዝ፣ እጅ ሲነሳብሽ ትንፋሽ አትቁጠሪ፤ ለኤምባሲው ደውዪ።

ሂፕኖሲስን፣ በቃል እየመሩ ትኩረትን የሚያጠብቡበትን ሕክምና፣ በመጨረሻ ያመጣሁት ስልክሽ ላይ ስለሚመጣብሽ ነው። «በአንድ ሌሊት ጭንቀትሽን እነቅላለሁ» የሚል ድምፅ የሚሸጥ ሰው አይጠፋም። ነገሩ ፈጽሞ ውሸት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1984 በማንቸስተር የተሠራ ጥናት በ30 ሕሙማን ላይ ሂፕኖሲስ ለአስቸጋሪ የአንጀት ሕመም እንደሚረዳ አሳይቷል። የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያም መድኃኒት ለ12 ወር ሞክረው ላልዳኑት የአንጀት ሕሙማን ሊታሰብ ይችላል ይላል። ሂፕኖሲስ የሚደረግለት ሰው ራሱን አይስትም፣ ትኩረቱ ጠቦ የሚነገረውን ለመቀበል ይዘጋጃል እንጂ፤ ዛር እንደወረደበት ሰው ሌላ አካልም አይናገርበትም። ግን የሚሠራው የሠለጠነ ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ሕመምሽን ጠይቆና አውቆ ነው፤ ሰውም ሁሉ እኩል አይቀበለውም። የሌለ ድምፅ ለሚሰማ ሰው ደግሞ ጭራሽ ሊያባብስበት ይችላል። ስለዚህ በነፃ የሚያረጋጋሽ ድምፅ ካገኘሽ አዳምጪ፣ ቁርኣንም አዳምጪ፤ ለማታውቂው ሰው ግን አንድ ሪያል አትላኪ፣ ምስጢርሽንም አትንገሪ።

የኛንም ድርሻ ልጻፍልሽ፣ እንቅልፍሽን ከሚሰርቁት መካከል እኛው ስላለንበት። በእኩለ ሌሊት ደውለን ላሟ ታመመች፣ ጣሪያው አፈሰሰ፣ እገሌ ሊያገባ ነው አንልሽም። የምንደውለው በዕረፍት ቀንሽ ብቻ፣ አንቺ በመረጥሽው ሰዓት ነው። የገንዘቡን ጉዳይ በወር አንዴ እኔ ብቻ አነሳለሁ፤ ዘመድ በግል ቢጠይቅሽ «አባቴን ጠይቁ» በይ። ለሁለት ሳምንት እንቅልፍ ከከዳሽ፣ ምግብ ካስጠላሽ ወይም ሞት ሞት ካለሽ በዚያው ቀን ንገሪኝ። ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ አማክሬ የሚለውን እነግርሻለሁ፣ አንቺም እዚያው ሐኪም እንዲያይሽ አሠሪሽን ትጠይቂያለሽ። መመለስ ካለብሽም የትኬቱ ጣጣ የኔ ነው፤ ኮንትራቱ አለቀ አላለቀ ብዬ አልጠይቅሽም። የኮንትራቱን አንድ ቅጂ ለኔ ተዪልኝ፣ የኤምባሲውንም ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፈሽ ከፓስፖርትሽ ለይተሽ ያዢው።

አባትሽ