ጠገራ ብር ወደሚቀረጽበት ቤት ለመሄድ ስንነሣ

በደቡብ ሪያድ፣ በሺፋ ሰፈር አብረን የምንኖር ተማሪዎች አንድ ዕቅድ ይዘናል። ይኸውም የመጪው ዓመት ፈተና እንዳለቀ ቪየና ሄደን፣ ማርያ ትሬዛ የምንለው ጠገራ ብር የሚቀረጽበትን ቤት ማየት ነው። «ሕክምና የሚማር ሰው አሮጌ ብር ምን ያደርግለታል?» የሚሉን ወዳጆች አሉ። መልሳችን አጭር ነው፤ ከአያቶቻችን ሣጥን ውስጥም ሆነ እዚህ ሱቅ አል ዘል በሚባለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ እኩል የምናገኘው ሌላ ዕቃ አላየንም።

ንጉሥ አብዱል አዚዝ በ1928 እ.ኤ.አ. የራሳቸውን የብር ሪያል እስኪያወጡ ድረስ የነጅድም ሰው በብዛት የሚገበያየው በዚሁ ብር ነበር። ነጋዴዎቹ እስከ ዛሬ «ሪያል ፈራንሲ» ይሉታል። ሴትዮዋ ግን የኦስትሪያ ንግሥት እንጂ ፈረንሳዊት አይደለችም። በ1780 እ.ኤ.አ. ስለሞተች፣ ከዚያ ወዲህ የተቀረጸው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ይወጣል። በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን የተሠራውና አምና የተሠራው አንድ ዓመተ ምሕረት ነው ያላቸው። ለሰብሳቢ ከዚህ የባሰ ፈተና የለም!

አፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. የራሳቸውን መልክ የያዘ ብር ፓሪስ አስቀርጸው ነበር። ሕዝቡ ግን ማርያ ትሬዛን አለቅም አለ። በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች እየቆጠረ፣ ድምፁን እያዳመጠ ነበር የሚቀበለው።

እኛን የሚያብከነክነን ግን የ1935 እ.ኤ.አ. ጉዳይ ነው። በዚያ ዓመት የቪየናው ቤት የመቅረጫውን ማኅተም ለሙሶሊኒ መንግሥት አሳልፎ ሰጠ፤ የመሥራቱን መብትም ለ25 ዓመት ለቀቀለት። ፋሺስቱ ሊወርር የተነሣበት ሕዝብ የወረቀት ሊሬ እንደማይቀበለው ያውቃልና፣ ሮማ ላይ ጠገራ በሚሊዮን እየቀረጸ አገራችን አስገባ። ቆየት ብሎ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ቦምቤይም ቀረጹ። ውሉ ካበቃ በኋላ ሥራው ወደ ቪየና ተመልሶ እስከ ዛሬ ይሠራል። በአገራችን ግን በሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ ገንዘብ ሲወጣ ጠገራው መሰብሰብ ጀመረ፤ ያልተመለሰው በሣጥን ቀረ፣ አንጥረኛም አቅልጦ መስቀልና አምባር አደረገው።

እንግዲህ በእጃችን ያሉት አራቱ የትኞቹ ናቸው? አንዱ ከመካከላችን ለአንዱ ከአያቱ የደረሰው ነው። ቡና ተሸጦበት ይሁን የባንዳ ደመወዝ ተከፍሎበት ማን ይንገረን? መዘንናቸው፤ ሁሉም ወደ 28 ግራም ናቸው። ሚዛን ይህን በሽታ አይመረምርም። የሚያውቁ ሰብሳቢዎች የንስሩን የጅራት ላባ፣ የትከሻውን ጌጥና የጠርዙን ጽሑፍ በማጉያ መስተዋት እያዩ ይለያሉ። ስለዚህም አም ሆይማርክት በተባለው መንገድ ላይ ላለው ለዚያ ቤት ደብዳቤ ጽፈን፣ እንግዳ ይቀበል እንደሆነ፣ የድሮዎቹን ማኅተሞች ያሳይ እንደሆነ፣ ለሮማ የሰጠው ተመልሶለት እንደሆነ ልንጠይቅ ነው።

ከመካከላችን አንዱ «ለወራሪ ማኅተም ያቀበለ ቤት ድረስ ሄጄ በር አላንኳኳም» ብሎ ሁለት ሌሊት አከራክሮናል። ሌሎቻችን የምንሄደውስ ለዚሁ አይደለም ወይ እንላለን። ክርክሩ አላለቀም፤ እሱ ግን ለቲኬት ማጠራቀሙን አላቆመም።

የቀረው የወረቀት ጣጣ ነው፤ ከዚህ የመውጫና የመመለሻ ቪዛ፣ ከዚያ የሸንገኑ፣ የባንክ ማስረጃው። ብሮቹን ይዘን አንሄድም። የአያት ዕቃ በየአውሮፕላን ጣቢያው በጉምሩክ ፊት ሲዘረዘር ማየት አንፈልግም። ፎቶግራፋቸውንና በወረቀት ላይ በእርሳስ የወሰድነውን አሻራቸውን ብቻ እንይዛለን።

ቪየና የምትማሩ ወንድሞችና እህቶች፣ ያንን ቤት ያያችሁ ካላችሁ በማኅበሩ በኩል ጻፉልን። ቤታችሁ ጠገራ ያላችሁም ሁለቱንም ፊቱን ፎቶ አንሥታችሁ ላኩልን፤ እስከዚያው በአመድና በሎሚ አትፈትጉት፤ ላባውም ዕንቁውም ይጠፋል።